ፖሊስ ቢበድለን ወዴት እንሄዳለን? ስለ ሁለቱ የአቤቱታ በሮች



አገር ቤት አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህን ተረት ከጎንደር አብረን ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። ልጃችን በፖሊስ ተመትቶ ቤት ቢገባ «ዝም በል ልጄ፣ ከመንግሥት ጋር አይታገሉም» እንላለን። ፖሊስን ማን ይከሰዋል? ቢከሰስስ ማን ይሰማል? እንላለን። በዚህ አገር ግን ንጉሡም ይከሰሳል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሞሼ ካጻቭ በ2011 እስር ቤት ገብተዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤሁድ ኦልመርትም በ2016 ገብተዋል። እነሱ ከተከሰሱ ፖሊስም ይከሰሳል ማለት ነው። ነገር ግን መክሰስ ይቻላል መባሉና እንዴት እንደሚከሰስ ማወቁ ለየብቻ ነው።

እኔ አገር ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። ይህን ትምህርት ያጠናቀርኩት በኡልፓን ክፍላችን ካነበብነው፣ ስለ መብት ሊያስረዱን ከመጡት የሕግ ባለሙያ ከሰማሁትና ያልገባኝን ደጋግሜ ከጠየቅሁት ነው። የዕብራይስጥ ቃል ስጽፍ ትርጉሙን አጠገቡ አደርጋለሁ፤ መጨረሻ ላይም የምናጠናቸው ቃላት አሉ።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ፖሊስ የበደለው ሰው ሁለት በር አለው። አንደኛው በር የቅጣት በር ነው፤ ጥፋተኛው ፖሊስ እንዲመረመርና እንዲቀጣ የሚጠየቅበት። ሁለተኛው የካሳ በር ነው፤ የተጎዳው ሰው ለጉዳቱ ገንዘብ የሚጠይቅበት። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው አብሮ አይዘጋም። ብዙ ወገኖቻችን የመጀመሪያው በር ሲዘጋባቸው «አለቀ፣ ደቀቀ» ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አላለቀም። ይህን ለማስረዳት ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ ለምን ያገባናል?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው ፖሊስ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው። ከመካከላቸው የእኛው ልጆችም አሉ። ሌባ ሲመጣ፣ ጠብ ሲነሣ 100 ደውለን የምንጠራው እነሱኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ፖሊስን እንድንጠላ አይደለም። ይሁን እንጂ በሕዝባችን ላይ የደረሰውንም መሸፈን አይገባም።

በኤፕሪል 26 ቀን 2015 በሆሎን ከተማ የወታደር ልብስ የለበሰ የእኛ ልጅ በፖሊሶች ተመታ። መጀመሪያ ላይ «ፖሊስ አጥቅተሃል» ተብሎ የተያዘው እሱ ራሱ ነበር። በሥፍራው የነበረ የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ፊልም ሲወጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ልጁም ነፃ ሆነ። ሕዝባችን ኤፕሪል 30 ቀን በኢየሩሳሌም፣ ሜይ 3 ቀን ደግሞ በቴል አቪቭ ሰልፍ ወጣ። ያም ሆኖ በጁን 2015 የመንግሥቱ የሕግ አማካሪ በፖሊሱ ላይ የወንጀል ክስ እንዳይመሠረት ወሰነ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ፊልሙን አገር ሁሉ አይቶት እንኳ የቅጣቱ በር ተዘጋ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማስረጃ ሰውን ያድናል። ካሜራው ባይኖር ልጁ ተከሳሽ ሆኖ ይቀር ነበር። ሁለተኛ፣ ማስረጃ እያለም የቅጣቱ በር ሊዘጋ ስለሚችል ሌላውን በር ማወቅ ግድ ነው።

ከሰልፎቹ በኋላ መንግሥት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ2016 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ዘረኝነት መኖሩን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በፖሊስም በኩል አምኖ ጻፈ። በዚያው መሠረት ዘረኝነትን ለመዋጋት የሚያስተባብር ክፍል በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ተቋቋመ። ስለዚህ «እናንተ ናችሁ የምታጋንኑት» ቢሉን፣ የመንግሥት ወረቀት ራሱ ጽፎታል ብለን እንመልሳለን።

መንገድ ላይ ሕጉ ምን ይላል?

አቤቱታ ለማቅረብ በመጀመሪያ ምን ትክክል እንደሆነና ምን ስሕተት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ፖሊስ ያደረገው ሁሉ በደል አይደለም።

ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ነዋሪ ቴዑዳት ዜሁት (መታወቂያ) መያዝና ፖሊስ ሲጠይቀው ማሳየት አለበት። ስለዚህ ልጆቻችን መታወቂያ ሳይዙ እንዳይወጡ እንንገራቸው። በሌላ በኩል መታወቂያ መጠየቅና ሰውን አቁሞ ማቆየት አንድ አይደለም። በጃኑዋሪ 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ጠበቃ» የተባለው የእኛው ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ ላይ ፖሊስ ያለ ሐሻድ ሳቪር፣ ማለትም ያለ በቂ ጥርጣሬ፣ ሰውን ለመታወቂያ ምርመራ አቁሞ ማቆየት እንደማይችል ወስኗል። የቆዳ ቀለም ጥርጣሬ አይደለም።

ደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ስሙ የተጻፈበት መለያ መልበስ አለበት። ሥልጣኑን ሲጠቀምም፣ ሥራውን የሚያሰናክል ወይም አደጋ የሚያመጣ ካልሆነ በስተቀር፣ ማን እንደሆነ መናገር ይገባዋል። ለምን እንደያዘንም ማስረዳት አለበት።

ዒኩቭ (ለጊዜው ማቆየት) እና ማዕጻር (እስር) ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዒኩቭ ሰው የሚቆየው ቢበዛ 3 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ባንድ ላይ የተያዘ እንደሆነ ብቻ ኃላፊው ምክንያቱን ጽፎ እስከ 3 ሰዓት ሊጨምር ይችላል። ሰው ያለ ዳኛ ትእዛዝ ከታሰረ ደግሞ፣ ሕጉ ለይቶ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች በቀር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

የተጠረጠረ ሰው ዝም የማለት መብት አለው፤ ከጠበቃ ጋር የመመካከርም መብት አለው። የሚከፍለው የሌለው እስረኛ ሳኔጎርያ ጺቡሪት የሚባለውን የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቃል። ምርመራውም እሱ በሚያውቀው ቋንቋ መሆን አለበት። ይህን በጣም ልብ በሉ! «ትንሽ ትንሽ ይገባኛል» ብላችሁ በዕብራይስጥ ቃል አትስጡ። ያልገባችሁን ወረቀትም አትፈርሙ። ለአማርኛ አስተርጓሚ ይምጣልኝ ማለት ነውር አይደለም። ልጅ የተያዘ እንደሆነ ለወላጅ መነገር አለበት፤ ሕጉ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በስተቀርም ወላጅ ምርመራው ላይ የመገኘት መብት አለው።

እኛስ ምን እናድርግ? አለመታገል፣ አለመሮጥ፣ አለመሳደብ። ፖሊስን መምታት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እጁን የወነጨፈ ሰው፣ ቀድሞ የተበደለው እሱ ቢሆን እንኳ፣ ነገሩ ይገለበጥበታል። አገር ቤት «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተቆጣውም ይቆም ነበር። እዚህ ግን ጎዳና ላይ የሚያቆም ቃል የለም። እዚህ በሕግ አምላክ የሚባለው በወረቀት ነው።

በዚያው ቀን የሚደረግ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በደል ከደረሰ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሁሉ ይበልጣሉ። እንደሚከተለው በተራ አስቀምጫቸዋለሁ።

1. ሐኪም ዘንድ መሄድ። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጠዋት ወደ ኩፓት ሖሊም ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንሂድ። ለሐኪሙ «ወደቅሁ» አንበል፤ የሆነውን እንንገር። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ተቀብለን እናስቀምጥ። እብጠት ይጠፋል፣ ወረቀቱ ግን አይጠፋም።

2. ፎቶግራፍ ማንሣት። ቁስሉን፣ የተቀደደውን ልብስ፣ የተሰበረውን ስልክ። ልብሱን አናጥበው። በማግስቱና በሦስተኛው ቀንም እንደገና እናንሣ፣ ምክንያቱም ብልዝ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

3. መጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የፖሊሱን ስም ወይም የመኪናውን ቁጥር፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳደረገ። በአማርኛ ይጻፍ፤ ማስተርጎም በኋላ ይደርሳል። መጻፍ የማይችል በልጁ ያስጽፍ ወይም በስልኩ ድምፁን ይቅዳ።

4. ዔዲም (ምስክሮች) መፈለግ። ያዩት ሰዎች ስምና ስልክ በዚያው ቀን ይያዝ። ከሳምንት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

5. ካሜራ መፈለግ። በአካባቢው ሱቅ፣ ባንክ ወይም ትልቅ ሕንጻ ካለ ካሜራ ሊኖር ይችላል። ብዙው ካሜራ የቀረጸውን ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ ጊዜ ያጠፋዋል። ስለዚህ ባለቤቱን ቶሎ «እባክህ አታጥፋው» ማለትና ይህንኑ በጽሑፍ መስጠት ጥሩ ነው። ፖሊሶችም አካላቸው ላይ ካሜራ የሚያደርጉ አሉ፤ አቤቱታ ስናቀርብ ያ ፊልም እንዲታይ እንጠይቅ። በአደባባይ የሚሠራን ፖሊስ፣ ሥራውን እስካላሰናከልን ድረስ፣ በስልክ መቅረጽ አይከለከልም።

አንደኛው በር፦ ማሐሽ

ማሐሽ ማለት ሃማሕላቃ ለሐቂሮት ሾትሪም ነው፤ በአማርኛ የፖሊሶች ምርመራ ክፍል ማለት ነው። የተቋቋመው በ1992 ሲሆን ያለውም በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ፖሊስን የሚመረምረው ፖሊስ ራሱ ነበር። ያ ደግሞ እንዴት ያለ ፍርድ እንደሚሆን አገር ቤት ያየነው ነው።

ማሐሽ የሚመረምረው ከባድ የሆነውን ነገር ነው፤ ቅጣቱ ከ1 ዓመት እስራት በላይ የሆነ ወንጀል። ያለ አግባብ መምታት እዚህ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ያነሰው፣ ለምሳሌ ስድብ፣ ንቀት፣ ስምን አለመናገር፣ አቤቱታን አለመቀበል፣ ወደ ፖሊስ የሕዝብ አቤቱታ ክፍል ይሄዳል። እዚያ በሥነ ሥርዓት ይታያል። የትኛው ክፍል እንደሆነ ካላወቅን ለማሐሽ እንጻፍ፤ የእነሱ ካልሆነ ያሉን ቦታ እንሄዳለን።

ትሉና (አቤቱታ) ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። በፍትሕ ሚኒስቴር የኢንተርኔት ገጽ ላይ ባለው ቅጽ ወይም በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። የሐኪሙን ወረቀት፣ ፎቶግራፉን፣ የምስክሮችን ስም አብረን እናያይዛለን። ዋናውን ወረቀት ለራሳችን አስቀርተን ኮፒውን እንስጥ። ሚስፓር ቲክ (የፋይል ቁጥር) ሲሰጠን በደንብ እንያዘው። ያለ ቁጥር ብንደውል ማን እንደሆንን አያውቁም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ እውነቱን ብቻ እንናገር፤ ሳንጨምር ሳንቀንስ። የሐሰት አቤቱታ ራሱ ወንጀል ነው፤ አንድ የተጋነነ ቃልም ዘጠኙን እውነት ያበላሻል። ሁለተኛ፣ በእኛ ላይ ወይም በልጃችን ላይ «ፖሊስ አጠቃ» የሚል ፋይል ተከፍቶ ከሆነ፣ ማሐሽ ዘንድ ቃል ከመስጠታችን በፊት ከጠበቃ ጋር እንመካከር። እዚያ የተናገርነው በኋላ በእኛው ጉዳይ ላይ ሊመጣ ይችላልና። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባል የለ!

እውነቱን ለመናገር ለማሐሽ ከሚቀርበው አቤቱታ አብዛኛው ፖሊሱ ላይ ክስ ሳይመሠረት ነው የሚዘጋው። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ በወንጀል ሰውን ለመቅጣት ከጥርጣሬ ሁሉ የጸዳ ማስረጃ ይፈለጋል። ፖሊሱ «አልመታሁም» ቢል፣ ልጁ «መታኝ» ቢል፣ ሌላ ምስክር ከሌለ ዐቃቤ ሕጉ ሖሴር ረአዮት (ማስረጃ ጎደለ) ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ማለት ግን ልጁ ዋሸ ተባለ ማለት አይደለም። ማስረጃው ለቅጣት አልበቃም ማለት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ካልያዝን ሁለተኛውን በር አንረዳውም።

በደብዳቤ ስለሚመጣ ነገር

በመርካዛችን የምትኖር አንዲት እናት አለች። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ ስሟን ግን አልጠራም። የ17 ዓመት ልጇ ማታ ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ፖሊስ አስቁሞ መታወቂያ ጠየቀው። ልጁ መታወቂያውን ቤት ትቶታል፤ ዕብራይስጡም ገና ነው። ከግድግዳ ጋር አጣብቆ እጁን ጠመዘዘው። ኋላ ምንም ሳይሉ ለቀቁት። እናቱ በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፣ ሐኪሙም የእጁን እብጠት ጻፈ። ዕብራይስጥ የሚያውቅ አንድ ወጣት ረድቷት አቤቱታው ለማሐሽ ተላከ።

ከብዙ ወራት በኋላ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣላት። የሚያነብላት በቤት አልነበረም። የክብር ወረቀት መስሏት ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሦስት ሳምንት እዚያ ቆየ። ከሠራዊት ለሰንበት የመጣች የጎረቤት ልጅ ናት አይታ «እሜቴ፣ ይሄ እኮ ፋይሉ ተዘግቷል ነው የሚለው» ያለቻት። እናቲቱ አለቀሰች። ልጅቱ ግን ታችኛውን መስመር አነበበችላት። በ60 ቀን ውስጥ ዓራር ማቅረብ ይቻላል ይላል።

ዓራር ማለት ይግባኝ ነው፤ ፋይሉ ሲዘጋ ያልተስማማው አቤቱታ አቅራቢ ለበላይ ዐቃቤ ሕግ የሚጽፈው። ጊዜው የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰን ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ከዚህች እናት ቀን ውስጥ 21 ያህሉን ፍሪጁ በላው። በቀረው ቀን ግን ተሯሩጠው አደረሱት። የምርመራውን ወረቀት ኮፒ ጠይቀው አገኙ፤ አብሮት የነበረውን ጓደኛውን ማንም ጠርቶ እንዳልጠየቀው አዩ፤ ይህንኑ በዓራሩ ላይ ጻፉ። እኔ ይህን ስጽፍ መልሱ ገና አልመጣም።

ወገኖቼ፣ ደብዳቤ ሲመጣ አናስቀምጥ። በዚያው ቀን እናስነብብ። ፖስታውንም አንጣለው፤ በላዩ ላይ የደረሰንን ቀን እንጻፍበት። በዚህ አገር መብት በደብዳቤ ይመጣል፣ በደብዳቤም ይሄዳል።

ሁለተኛው በር፦ የካሳ ክስ

ይህን በአገራችን ልማድ ላስረዳ። አገር ቤት ሰው ሰውን ሲጎዳ ሁለት ነገር ነበረ። መንግሥት ጥፋተኛውን ያስራል። ሽማግሌዎች ደግሞ ተቀምጠው ካሳ ይቆርጣሉ። መንግሥት ባያስረውም እንኳ ሽማግሌው ካሳውን አይተውም ነበር። እስሩ የመንግሥት ነው፤ ካሳው የተጎዳው ሰው ነው። እዚህም አሠራሩ እንደዚያው ነው፤ የሽማግሌውን ቦታ የያዘው ፍርድ ቤት ነው።

ትቪዓ ኤዝራሒት (የፍትሐ ብሔር ክስ) የምትባለው ይህች ናት። ስሟ ለሦስት ዓይነት በደል ሊሆን ይችላል። ትቂፋ ማለት ያለ ፈቃድ ሰውን መምታት ወይም መያዝ ነው። ክሊአት ሻቭ ማለት ያለ ሕግ ሰውን አግቶ ማቆየት ነው። ራሽላኑት ማለት ጥንቃቄ በማጉደል ጉዳት ማድረስ ነው።

ለምንድን ነው ይህ በር ማሐሽ ዘግቶትም ክፍት የሚሆነው? ሚዛኑ ስለሚለያይ ነው። በወንጀል ማስረጃው ከጥርጣሬ የጸዳ ይሁን ይባላል። በካሳ ክስ ግን ዳኛው የሚጠይቀው «ከሁለቱ የማን ነገር ይበልጥ እውነት ይመስላል?» ብሎ ነው። ሚዛኑ ትንሽ እንኳ ወደ ከሳሹ ካጋደለ ይበቃል። ስለዚህ ለቅጣት ያልበቃ የሐኪም ወረቀትና አንድ ምስክር ለካሳ ሊበቃ ይችላል።

ማንን ነው የምንከሰው? ፖሊስ በሥራው ላይ ሆኖ ላጠፋው ክሱ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥቱ ላይ ነው፤ መዲናት ዪስራኤል፣ የዪስራኤል ፖሊስ ተብሎ። በ2005 የተሻሻለው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን በግሉ ከመከሰስ ይጠብቀዋል። ሆን ብሎ፣ ጉዳት ለማድረስ አስቦ ያደረገው ከሆነ ግን ያ ጥበቃ አይሠራለትም። ለተጎዳው ሰው መንግሥቱን መክሰስ መጥፎ አይደለም፤ ሲፈረድ የሚከፍል ኪስ አለውና።

ጊዜው ስንት ነው? በአጠቃላይ 7 ዓመት ነው። ሂትያሽኑት ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ልጅ ለሆነ ግን ሰባቱ ዓመት መቆጠር የሚጀምረው 18 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ስለዚህ እስከ 25 ዓመቱ ጊዜ አለው። ከላይ የጻፍኩት የ17 ዓመት ልጅ ዓራሩ ባይሳካ እንኳ ይህ በር ገና ለብዙ ዓመት ክፍት ነው። ይሁንና ጊዜ አለ ብሎ መተኛት አይገባም፤ ምስክር ይረሳል፣ ወረቀት ይጠፋል።

የት ይከሰሳል? ጉዳቱ አነስተኛ ከሆነ ቤት ሚሽፓት ሊትቪዖት ቅጣኖት (የአነስተኛ ክስ ፍርድ ቤት) አለ። እዚያ ሰው ራሱ ቀርቦ ይናገራል እንጂ ጠበቃ አይዝም። የገንዘቡ ጣሪያ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚስተካከል ከመክሰሳችን በፊት እንጠይቅ። ከዚያ በላይ የሆነው እስከ 2.5 ሚሊዮን ሸቄል ድረስ ወደ ቤት ሚሽፓት ሻሎም ይሄዳል።

ዳኛው ምን ይቆጥራል? የሕክምና ወጪን፣ ከሥራ የቀሩበትን ቀን ደመወዝ፣ ሕመሙንና መዋረዱን። ስለዚህ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። ከሥራ የቀረንበትን ወረቀት እንያዝ። ሌሊት የማይተኛ፣ ከቤት መውጣት የፈራ ልጅ ካለም ለሐኪም ይነገርና ይጻፍለት። የማይታየው ቁስል የሚታየው ሲጻፍ ነው።

የዚህ በር ጉዳትም አለው። ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የተሸነፈ ሰው የሌላውን ወገን ወጪ ክፈል ሊባል ይችላል። ስለዚህ ማስረጃችን ምን ያህል እንደሆነ ሳይመዘን ዘሎ መግባት አይገባም። ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ግን ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል።

ማን ይረዳናል?

ከላይ ያነሣሁት «ጠበቃ» በ2000 የተመሠረተ፣ ለኢትዮጵያ ተወላጆች በሕግ ጉዳይ የሚረዳ ማኅበር ነው። አማርኛ የሚናገር ሰው አላቸው። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ሲዩዓ ሚሽፓቲ የሚባል ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ክፍል አለ፤ የእኛን ዓይነት ጉዳይ ይይዝ እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ ነው። በደሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ከመሰለን ዘረኝነትን ለሚዋጋው የፍትሕ ሚኒስቴር ክፍልም መጻፍ ይቻላል። በመርካዛችንም የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ደብዳቤ በማንበብ ትረዳናለች።

የግል ጠበቃ የምንይዝ ከሆነ ውሉን በጽሑፍ እናድርግ። ከካሳው ከመቶ ስንት እንደሚወስድ፣ ብንሸነፍ ምን እንደምንከፍል አስቀድመን እንጠይቅ። ሳይነበብልን አንፈርም።

የምናጠናቸው ቃላት

ሾቴር፦ ፖሊስ
ትሉና፦ አቤቱታ
ዔድ፦ ምስክር
ረአያ፦ ማስረጃ
ዒኩቭ፦ ለጊዜው ማቆየት
ማዕጻር፦ እስር
ሐሻድ ሳቪር፦ በቂ ጥርጣሬ
ዖሬኽ ዲን፦ ጠበቃ
ሚስፓር ቲክ፦ የፋይል ቁጥር
ዓራር፦ በተዘጋ ፋይል ላይ የሚቀርብ ይግባኝ
ትቪዓ፦ ክስ
ፒጹዪም፦ ካሳ
ሂትያሽኑት፦ የክስ ጊዜ ማለፍ

በቃል የምንይዛቸው ዓረፍተ ነገሮች፦
አኒ ሜቫቄሽ ሜቱርገማን ለአምሐሪት። (የአማርኛ አስተርጓሚ እጠይቃለሁ። ሴት ስትሆን «ሜቫቄሼት» ትላለች።)
አኒ ሮጼ ለዳቤር ዒም ዖሬኽ ዲን። (ከጠበቃ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ። ሴት «ሮጻ» ትላለች።)
አኒ ሮጼ ለሃጊሽ ትሉና። (አቤቱታ ማቅረብ እፈልጋለሁ።)

ለክፍል መወያያ ጥያቄዎች

1. ዒኩቭና ማዕጻር በምን ይለያያሉ?
2. ፖሊስ ሰድቦን ቢሆን ወዴት እንጽፋለን? መትቶን ቢሆንስ?
3. የፋይል መዘጋት ደብዳቤ ዛሬ ቢደርሰን ዓራር የምናቀርብበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? በቀን መቁጠሪያ ላይ ቆጥራችሁ አሳዩ።
4. የ15 ዓመት ልጅ የተጎዳ እንደሆነ እስከ ስንት ዓመቱ ድረስ ለካሳ መክሰስ ይችላል?
5. ማሐሽ «ማስረጃ ጎደለ» ብሎ ቢዘጋው የካሳ ክስ ማቅረብ ይቻላል? ለምን?

መልሶቹን በቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩ። እነሱ ዕብራይስጡን ከእኛ ቶሎ ይይዙታል፤ እኛ ደግሞ ትዕግሥቱን እናስተምራቸው። አንድም ልጅ «ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ቁስሉን ደብቆ እንዳያድግ፣ አንድም ልጅ ደግሞ በንዴት እጁን አንሥቶ ሕይወቱን እንዳያበላሽ። በሩን ካወቀ ሁለቱም አያስፈልጉትም።

በሰላም ያኑረን፤ ሻሎም።